ሜኒስከሴ «4 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ወጥቷል» ተባልኩ፤ ማን ገፋው?

ቅዳሜ_ኳስ | አዲስ አበባ | ማክሰኞ ማታ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

36 ዓመቴ ነው። በየቅዳሜው ከሰፈር ልጆች ጋር ሰሚት አካባቢ ሰው ሠራሽ ሣር ላይ ኳስ እንጫወታለን። የሜዳውን ተሸናፊ ይከፍላል። የዛሬ 14 ወር ግድም ኳስ ይዤ ስዞር እግሬ ሣሩ ላይ ተተክሎ ቀረ፣ እኔ ዞርኩ። ማንም አልነካኝም። ጉልበቴ ውስጥ «ቋ!» ሲል ሰማሁት። ማታውኑ ሐብሐብ አከለ።

ወጌሻ ጋ ሄጄ ታሸሁ። ሦስት ሳምንት አነከስኩ። እብጠቱ ሲጠፋ «ዳንኩ» ብዬ በሦስተኛው ወር ሜዳ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብዬ ስሮጥ ምንም አይለኝም። ስዞር ግን ይከዳኛል። ዝም ብሎ እጥፍ ይላል። አምስት ስድስት ጊዜ ወድቄያለሁ። አሁን አሁን ደግሞ ደረጃ ስወርድ በውስጥ በኩል ይወጋኛል።

ባለፈው ሳምንት ኤምአርአይ ተነሣሁ። ውጤቱ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ ኤሲኤል (በጉልበት መሃል የጭንና የቅልጥም አጥንትን የሚያያይዘው ጅማት) ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል። የውስጠኛው ሜኒስከስ የኋላ ክፍል ተቀዷል። ሜኒስከሱ ከቅልጥም አጥንት ጠርዝ 4 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ወጥቷል። ልስልሱ አጥንት (የአጥንቶቹ ጫፍ ልባስ) በመጠኑ ሳስቷል። ሐኪሙ ወረፋ በዝቶበት ነበር። «ኦፕራሲዮን ሳያስፈልግህ አይቀርም» ብሎ ቀጠሮ ሰጠኝና ወጣሁ።

ኤሲኤሉ ገብቶኛል፤ ኳስ የሚያይ ሁሉ ያውቀዋል። ያልገባኝ ይሄ «ወጥቷል» የሚለው ነው። ወዴት ነው የወጣው? ማን ገፋው? ያ ቀን ነው ወይስ ክብደቴ? (92 ኪሎ ነኝ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ74።) ሚስቴ የምትጠረጥረው ሆዴን ነው።


ሰባት_ቁጥር | ሐዋሳ | ማክሰኞ ማታ 3፡25

እንኳን ወደ ማኅበሩ በሰላም መጣህ። ወንበር ይዘን ነው ስንጠብቅህ የነበረው።

ፊዚዮዋ እስክትመጣ አንድ ነገር ልንገርህ፦ መዞር አቁም። ሜዳ ላይ ማለቴ ነው።


ቀጥ_በሉ | ፊዚዮቴራፒስት | ማክሰኞ ማታ 4፡40

ልጆቹን አስተኝቼ መጣሁ።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሜኒስከስ ምን እንደሆነ እንግባባ። የጭን አጥንት ጫፍ ክብ ነው። የቅልጥም አጥንት አናት ደግሞ ጠፍጣፋ ነው ማለት ይቻላል። ክብ ነገር ጠፍጣፋ ላይ አይረጋም። አያቶቻችን እንስራ ሲያስቀምጡ ምን ያደርጉ ነበር? ከሥሩ ማቶት። ሜኒስከስ የጉልበት ማቶት ነው። በአንድ ጉልበት ሁለት አለ፣ አንዱ በውስጥ አንዱ በውጭ በኩል። ግን ሙሉ ቀለበት አይደለም፣ ገና እንደወጣች ጨረቃ ነው። ሁለቱ ጫፎቹ ከፊትና ከኋላ ቅልጥም አጥንቱ ላይ ተተክለዋል። እነዚህን ጫፎች ሥር እንላቸዋለን። ለአንተ ጥያቄ ዋናዎቹ እነሱ ናቸው።

ስትቆም ክብደትህ ማቶቱን ወደ ውጭ ሊበትነው ይገፋዋል። ሥሮቹ ወጥረው ይይዙታል። በዚህ ውጥረት ነው ጭነቱ ለመላው ጉልበት የሚከፋፈለው። እግር ተዘርግቶ ሲቆም ሜኒስከሶቹ ከጭነቱ ግማሽ የሚሆነውን ይሸከማሉ። ጉልበት 90 ዲግሪ ሲታጠፍ ድርሻቸው 85 በመቶ ድረስ ይወጣል። ለዚች ትንሽ ነገር ብዙ ነው።

አሁን ማቶቱ የታሰረበት ገመድ ይበጠስ እንበል። ጭነቱ ሲያርፍበት ይከፈታል፣ ወደ ጎን ይሸሻል። እንስራው ወለል ይነካል። «ወጥቷል» ማለት ይሄ ነው። ከጉልበትህ አልወጣም፣ ከቦታው ሸሸ እንጂ።

ማን ገፋው ላልከው፣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው አንድ አይደለም። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሥሩን ነው፣ በተለይ የውስጠኛውን ሜኒስከስ የኋላ ሥር። ቀጥሎ የቅዳዱን አቅጣጫ አያለሁ። ቅዳዱ ጨረቃዋን ተከትሎ በርዝመቷ የሄደ ከሆነ ቀለበቱ እንደታሰረ ነው፣ ብዙ አይሸሽም። ከውስጥ ጠርዝ ተነሥቶ እስከ ውጭ ጠርዝ የቆረጣት ከሆነ ግን ቀለበቱ ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው። ያኔ የሥር መበጠስና እሱ በሥራቸው እኩል ናቸው ማለት ይቻላል።

ከዚያ ደግሞ ቀስ ብለው የሚገፉት አሉ፦ ክብደት፣ ዕድሜ፣ የእግር መጉበጥ፣ የልስልስ አጥንት መሳሳት። እነዚህ ያለ ምንም ጉዳት፣ ያለ ምንም «ቋ»፣ በዓመታት ውስጥ ያስወጡታል።

የአንተ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ላይ ኤሲኤል ተጨምሮበታል። ዳገት ላይ የቆመ አይሱዙ አይተህ ታውቃለህ? ረዳቱ ወርዶ ጎማው ሥር ታኮ ይጥላል። ኤሲኤል የእጅ ፍሬኑ ነው። እሱ ሲበጠስ ቅልጥምህ ወደ ፊት መንሸራተት ይጀምራል። ያኔ የውስጠኛው ሜኒስከስ የኋላ ክፍል ታኮ ሆኖ ያቆመዋል። ሥራው ግን አልነበረም። «አምስት ስድስት ጊዜ ከዳኝ» ያልከው እያንዳንዱ ጊዜ ታኮው ላይ መኪና ወጣበት ማለት ነው። ኤሲኤል ተበጥሶ ሳይታከም በቆየ ቁጥር የውስጠኛው ሜኒስከስ ቅዳድ እየበዛ እንደሚሄድ በደንብ የታወቀ ነው። ስለዚህ ያ ቀን ብቻ አይደለም፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ቅዳሜዎችም አሉበት።

ልቆጣህ አይደለም። ግን ትንሽ ተቆጥቻለሁ።


ራጅ_ክፍል | ረቡዕ ጠዋት 1፡50

እህቴ ጨርሳዋለች። እኔ ስለ 4ቱ ሚሊ ሜትር ብቻ ልናገር፣ እንጀራዬ ስለሆነ።

የሚለካው ጉልበቱን ከፊት ለፊት በሚያሳየው ምስል ነው፣ መሃል ላይ ባለው ቁራጭ። የቅልጥም አጥንቱ ጠርዝ ላይ መስመር ይወርዳል። ከመስመሩ እስከ ሜኒስከሱ የውጭ ጫፍ ይለካል። አጥንቱ ጠርዝ ላይ አዲስ የበቀለ ጉጥ ካለ ከመስመሩ ውጭ መቅረት አለበት። አብሮ ከተቆጠረ ጠርዙ ራሱ ስለሚገፋ ሜኒስከሱ በቦታው ያለ ይመስላል።

ብዙ ቦታ 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ «ወጥቷል» ተብሎ ይጻፋል። 2 ሚሊ ሜትር ግድም ምንም ያልሆነ ጉልበት ላይም ታገኛለህ። ግን 3 ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። 2.8 የሆነው ጤነኛ፣ 3.2 የሆነው በሽተኛ ነው ማለት አይደለም። ቁራጩን አንድ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ብትመርጥ ቁጥሩ ይለወጣል። ስለዚህ ዛሬ 4 ከወር በኋላ 4.5 ቢባል «ባሰብኝ» ብለህ እንቅልፍ አትጣ።

ሌላው ሰው የሚረሳው ነገር፦ ኤምአርአይ የተነሣኸው ተኝተህ ነው። ጉልበትህ ያኔ ምንም አልተሸከመም። ቆመው በአልትራሳውንድ ሲታዩ ሜኒስከሱ የበለጠ ወጥቶ የሚታይባቸው ሰዎች አሉ። ያንተ 4 ያረፈ ሰው 4 ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ሪፖርቱ ስለ ሥሩ የሚለው ነገር አለ? ካልጠቀሰው «ደህና ነው» ማለቱ አይደለም፣ ዝም ነው ያለው። የሥር መበጠስ በቀላሉ ያመልጣል። ከጎን በሚያሳየው ምስል ሜኒስከስ ጥቁር ሦስት ማዕዘን ሆኖ ነው የሚታየው። ሥሩ ጋ ስትደርስ ያቺ ጥቁር ሦስት ማዕዘን ድንገት ከጠፋችና ቦታው ከነጣ፣ ሥሩ የለም። ፈልጎ ለማያይ ሰው አትታይም።


ቅዳሜ_ኳስ | ረቡዕ ቀን 6፡30

ምሳ ላይ ሆኜ ነው የማነበው። ማቶቱን ለእናቴ በስልክ ነገርኳት፣ እሷ ከእኔ ቀድማ ገባት።

ሪፖርቱን ሦስቴ አነበብኩት፣ ሥር የሚል ቃል የለበትም። ሲዲው ግን እጄ ላይ አለ።

ሌላም ልናዘዝ። እግሬ ሸፋፋ ነው። ቁርጭምጭሚቶቼን ሳጋጥም በጉልበቶቼ መሃል ጡጫ ይገባል። ልጅ ሆኜ በረኛ ሲያደርጉኝ በእግሬ መሃል ነበር የሚያገቡብኝ። ይሄም ከቁጥር ይገባል?


ቀጥ_በሉ | ረቡዕ ቀን 8፡05

ይገባል እንጂ! እግር ወደ ውጭ ሲጎብጥ የሰውነት ክብደት መስመር በጉልበት መሃል ማለፉ ቀርቶ ወደ ውስጠኛው ግማሽ ያዘነብላል። በአንድ በኩል ብቻ እንደተጫነ አህያ ነው። የውስጡ ማቶት ከድርሻው በላይ ይሸከማል። ሐኪሙን ቆመህ፣ ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚያሳይ ረጅም ራጅ ጠይቀው። የጉልበት ብቻ ራጅ ይሄን አያሳይም።

ክብደትን በተመለከተ ሚስትህ አልተሳሳተችም። የጉልበት ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ተለክቶ፣ አንድ ኪሎ ሲቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በ4 ኪሎ ግድም ሲቀንስ ታይቷል። አምስት ኪሎ ብትቀንስ ሃያ። በቀን ስንት ሺህ እርምጃ እንደምትራመድ ራስህ ቁጠረው።


ዲሲ_ታክሲ | ሜሪላንድ | ረቡዕ ማታ 2፡15 (በእናንተ)

ሰዎች፣ አታስፈራሩት። እዚህ አሜሪካ ለእኔም የሜኒስከስ ቅዳድ ተብዬ «ቆርጠን እናስተካክለው» ብለውኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ፊንላንዶች እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡትን ጥናት አንብቤ ነው። 146 ሰው ወሰዱ። ግማሹን የተቀደደውን ቆርጠው አወጡለት። ግማሹን ደግሞ ቀዳዳ ብቻ ከፍተው፣ መሣሪያ እያንኳኩ የሠሩ አስመሰሉ። ከአንድ ዓመት በኋላ ልዩነት የለም! ቢዝነስ ነው የምላችሁ ለዚህ ነው። 51 ዓመቴ ነው፣ ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ነኝ፣ በፊዚዮ ብቻ ተሽሎኛል።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2010 ኒው ዮርክ ማራቶን ላይ በዚሁ በሜኒስከስ አይደል ያቋረጠው? ቢላ ሳይነካው ተመልሶ ሮጧል።


ራጅ_ክፍል | ረቡዕ ማታ 2፡40

የኃይሌ ጉልበት ያኔ ፈሳሽና የጅማት ብግነት ነው የተባለው። ሜኒስከስ አይደለም። ኃይሌን ተዉልን።


ሰባት_ቁጥር | ረቡዕ ማታ 3፡00

ጋሼ ዲሲ፣ ጥናቱ እውነት ነው። ግን እነማን ላይ እንደተሠራ አይተዋል? ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 65 የሆነ፣ ቅዳዳቸው በእርጅና ቀስ ብሎ የመጣ ሰዎች ናቸው። በአደጋ የተጎዳ አልተካተተም። እርስዎ ትክክል ነበሩ፣ ለእርስዎ ጉልበት። ይሄ ልጅ ሜዳ ላይ ተጠምዝዞ ኤሲኤሉን የበጠሰ ነው። ሌላ ወረፋ ነው።

የእኔን ልንገራችሁ። ከኤሲኤሉ ጋር የውጨኛው ሜኒስከስ የኋላ ሥር ተነቅሎ ነበር። ኤሲኤል ሲበጠስ አብሮ የሚሄደው ብዙ ጊዜ እሱ ነው አሉኝ። የሚገርመው ሜኒስከሴ ብዙም አልወጣም ነበር። ለምን ስል፣ የውጨኛው ሜኒስከስ ከጭን አጥንት ጋር የሚያያይዙት ሌሎች ቀጫጭን ጅማቶች አሉት። እነሱ ካልተበጠሱ ሥሩ ተነቅሎም ይዘው ያቆዩታል። የውስጠኛው ግን ይሄ መጠባበቂያ የለውም። ስለዚህ «ብዙ አልወጣም፣ ሥሩ ደህና ነው» ማለትም ያሳስታል። የእኔ የታየው ተከፍቶ ነው።


የእማዬ_ልጅ | ደብረ ብርሃን | ረቡዕ ማታ 3፡35

ኳስ ነክቼ አላውቅም፣ ግን የእናቴ ታሪክ እዚህ ይገባል።

እናቴ 58 ዓመቷ ነው። አምና በሕማማት ስትሰግድ፣ ከመሬት ልትነሣ ስትል ከጉልበቷ ኋላ አንድ ነገር «ጠሽ» አለባት። ቤት በሰው ተደግፋ መጣች። ራጅ አነሷትና «እርጅና ነው፣ ሪህ ነገር ነው» ብለው ማስታገሻ ሰጧት። አምስት ወር ሙሉ ተቀባች፣ ታሸች፣ ጠበል ሄደች። ሌሊት ሌሊት አጥንቷን ይበላት ጀመር። በመጨረሻ አዲስ አበባ ወስጄ ኤምአርአይ ስትነሣ የኋላ ሥሩ ተበጥሷል፣ ሜኒስከሱ 5 ሚሊ ሜትር ወጥቷል፣ ከሥሩ ያለው አጥንት ደግሞ ውኃ ቋጥሯል ተባለ። ዘንድሮ ጉልበቷን ዘርግታ መቆም አልቻለችም።

እስካሁን የሚከነክነኝ አንድ ነገር ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ «ጠሽ ሲል ሰምቼዋለሁ» ትል ነበር። ማንም አልጻፈውም።


ቀጥ_በሉ | ረቡዕ ማታ 4፡20

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይማርልህ። ይሄ ታሪክ የሥር መበጠስ ዓይነተኛ ታሪክ ነው። ምንም የጎላ አደጋ የለም። ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች ሴት፣ ቁጢጥ ብላ ስትነሣ ወይም ደረጃ ላይ፣ ከጉልበት ኋላ አንድ «ጠሽ»። ከዚያ ሕመም። ራጅ ላይ ሜኒስከስ ስለማይታይ «እርጅና» ይባላል።

ጉልበት ጥልቅ ብሎ ሲታጠፍ የኋላውን ሥር ክፉኛ ይወጥረዋል። መሬት መቀመጥ፣ ቁጢጥ ማለት፣ መስገድ በበዛበት አገር ብዙ መታየቱ አይገርምም። በየመስጊዱ የሚሰግዱ እናቶችም ይመጡልኛል፣ ከጀበና ፊት በርጩማ ላይ ተጣጥፈው የሚውሉም ይመጡልኛል። ስግደት ይቅር የሚል ሰው የለም። ግን አንዴ «ጠሽ» ያለ ጉልበት ቆሞ ወይም ወንበር ላይ ሆኖ ይጸልይ። የአጥንቱ ውኃ መቋጠር ቸል የሚባል አይደለም። ከላዩ ማቶቱ ስለሸሸ አጥንቱ ራሱ እየተቀጠቀጠ ነው። እናትህ ክራንች ይዘዋል?


የእማዬ_ልጅ | ረቡዕ ማታ 4፡30

ይዛለች። ጎረቤት ሲመጣ ትደብቀዋለች።


የጂዳ_እንግዳ | ሐሙስ ሌሊት 7፡10

ይቅርታ፣ ሥራ ጨርሼ ነው። ለሰው ቤት ነው የምሠራ። ወለሉን በጉልበቴ ተንበርክኬ ነው የማጸዳ፣ ማዳም በመጥረጊያ አይሆንም ትላለች። ሁለቱም ጉልበቴ ያመኛል፣ የግራው ያብጣል። 33 ዓመቴ ነው። እዚህ ኤምአርአይ የምነሣበት የለኝም። የእኔም ወጥቶ ይሆን?


ቀጥ_በሉ | ሐሙስ ጠዋት 1፡20

የእኔ እህት፣ በርቺ። ሳላይሽ ወጥቷል አልወጣም ልል አልችልም። ግን ልጠይቅሽ። እብጠቱ ከጉልበትሽ ሎሚ ፊት፣ ከቆዳ ሥር፣ እንደ ትንሽ ፊኛ ከሆነ በመንበርከክ የሚመጣ የውኃ ከረጢት መቆጣት ሊሆን ይችላል። ሜኒስከስ አይደለም። ከቀላ፣ ከጋለ፣ ትኩሳት ካለሽ ሳትውይ ሳታድሪ ታከሚ። ሕመሙ በጎን በኩል በመገጣጠሚያው መስመር ላይ ከሆነ፣ ስትዞሪ የሚወጋሽ፣ አንዳንዴ አልዘረጋም የሚልሽ ከሆነ ግን ሜኒስከሱን እንጠርጥር።

ለጊዜው የታጠፈ ፎጣ ከጉልበትሽ ሥር አድርጊ፣ በየጥቂቱ ተነሺ። ተረከዝሽ ላይ ተቀምጠሽ አታጽጂ፣ ጥልቅ የሚያጥፈው እሱ ነው። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ክፍልሽ ውስጥ የምትሠሪው እንቅስቃሴ በቪዲዮ እልክልሻለሁ።


የወጌሻ_የልጅ_ልጅ | ሐሙስ ቀን 5፡00

እዚህ ክር ላይ ወጌሻ ሲነሣ ዝም ማለት አልቻልኩም። አያቴ ወጌሻ ነበሩ። ወለምታና ውልቃት ለብዙ ሰው መልሰዋል። ሁሉንም አንድ ላይ አትውቀጡን።

ግን እውነት ለመናገር፣ አያቴ አንድ ጉልበት አይነኩም ነበር። የተቆለፈውን። ታጥፎ ቀርቶ አልዘረጋ ያለውን ሰው ሲያመጡባቸው «ይሄ ውስጡ የገባ ነገር አለው፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት» ይሉ ነበር። ይሄ ከምትሉት ጋር ይገናኛል?


ቀጥ_በሉ | ሐሙስ ቀን 7፡40

አያትህ የሚገርሙ ሰው ነበሩ። ይገናኛል፣ ግን የተገላቢጦሹ ነው። እስካሁን ያወራነው ሜኒስከሱ ወደ ውጭ ሲሸሽ ነው። እሳቸው ያዩት ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። ቅዳዱ በርዝመት ሄዶ ሄዶ የውስጠኛው ግማሽ እንደ ባልዲ ማንጠልጠያ ይገለበጥና በአጥንቶቹ መሃል ይሰነቀራል። በር ውስጥ ጠጠር እንደገባበት ማለት ነው። ያ ጉልበት አይዘረጋም። አስገድዶ መዘርጋት ይብሱን ይቀደዋል። እሱ በወራት ቀጠሮ የሚጠበቅ አይደለም፣ በቶሎ ነው የሚከፈተው።

ባለ ክሩ ላይ ወጌሻው አጥፍቷል አልልም። ማሸት ኤሲኤል አይበጥስም። የጎዳው እሱ ራሱ እብጠቱ ሲጠፋ «ዳንኩ» ማለቱ ነው።


አወያይ | ሐሙስ ቀን 8፡00

«ያለ ኦፕራሲዮን በሰባት ቀን ሜኒስከስ የሚመልስ ቅባት» የለጠፈው ሰው መልእክት ተነሥቷል። ሁለተኛ ከለጠፈ እሱም ይነሣል።


ቅዳሜ_ኳስ | ሐሙስ ማታ 2፡50

አንድ ነገር ልጠይቅ። ጓደኛዬ «የተቀደደውን ቆርጠው ያውጡልህ፣ በወር ትጫወታለህ» ይለኛል። የእሱን እንደዚያ አድርገውለት በእውነትም በወሩ ተጫውቷል።


ሰባት_ቁጥር | ሐሙስ ማታ 3፡15

ጓደኛህ ዛሬ ስንት ዓመቱ ነው? ከአሥር ዓመት በኋላ ጠይቀው።

ድሮ ሜኒስከስ እንደ ትርፍ አንጀት ነበር የሚታየው፣ ነቅለው ይጥሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ፌርባንክ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም የተነቀለላቸውን ሰዎች ራጅ እያየ አጥንታቸው እንዴት እየተለወጠ እንደሚሄድ ጻፈ። ያኔም ወዲያው የሰማው ሰው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ከሬሳ በተወሰዱ ጉልበቶች ላይ በላቦራቶሪ ተሞከረ። የውስጠኛው የኋላ ሥር ሲቆረጥ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ከፍተኛ ግፊት በ25 በመቶ ግድም ጨመረ። ሜኒስከሱን ጨርሰው ሲያወጡትም ያው ሆነ። ሥሩን መልሰው ሲሰፉት ግፊቱ ወደነበረበት ተመለሰ። ስለዚህ ሥርህ ተበጥሶ ከሆነና አንድ ሰው «ቆረጥ ላድርገው» ካለህ ጫማህን ፈልግ።

መስፋቱም ግን ሠርግ አይደለም። ስድስት ሳምንት በክራንች፣ የተሠራውን እግር መሬት ላይ ሳልጫን። ከ90 ዲግሪ በላይ ማጠፍ ክልክል። ቁጢጥ ማለት ለወራት የለም። መጸዳጃ ቤታችን የድሮው ዓይነት ነበር፣ ፕላስቲክ ወንበር መሃሉን በስተን ተገለገልኩ። ይሄን ማንም ሐኪም አይነግርህም፣ ከአሁኑ አስብበት።


ቀጥ_በሉ | ሐሙስ ማታ 3፡50

የወንበሩን ነገር ለታካሚዎቼ እነግራቸዋለሁ፣ አመሰግናለሁ።

አንድ ጭማሪ። ሥሩ ቢሰፋም የወጣው ሜኒስከስ ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ወደ ቦታው አይመለስም። ከኦፕራሲዮን በኋላ ኤምአርአይ ተነሥተህ አሁንም «3 ሚሊ ሜትር ወጥቷል» ቢልህ «አልሠራልኝም» ማለት አይደለም። ሕመሙ ቀንሶ፣ የአጥንቱ መጎዳት ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። ጃፓኖች ይሄን አይተው የሸሸውን ጠርዝ ስበው ቅልጥም አጥንቱ ጠርዝ ላይ በክር የሚያስሩበት ዘዴ አምጥተዋል።

ደግሞም ዕድሜው ለገፋ፣ ልስልስ አጥንቱ ላለቀ ሰው መስፋት ትርጉም የለውም። ለዚያ ሰው ጋሼ ዲሲ ያሉት መንገድ ይሻላል። ለዚህ ነው ማን ገፋው የሚለው ጥያቄህ ጥሩ የሆነው። ሚሊ ሜትሩ አንድ ሆኖ መልሱ ሦስት ዓይነት ነው።


ዲሲ_ታክሲ | ሐሙስ ማታ 4፡05 (በእናንተ)

ተቀብያለሁ። ቢዝነስ ያልኩትን ግን ግማሹን ብቻ ነው የማነሣው።


ቅዳሜ_ኳስ | ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ

ተመለስኩ። ላላችሁት ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

ሲዲውን ሌላ ቦታ፣ የመገጣጠሚያ ምስል አዘውትሮ ለሚያይ የራጅ ሐኪም ወሰድኩት። «ሥሩን እዩልኝ» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ማን ነገረህ?» አሉ። መድረኩን አልተናገርኩም። ሥሩ ተይዟል አሉ፣ የውስጡም የውጭውም። ጥቁሯን ሦስት ማዕዘን ራሴ አየኋት። ቅዳዱ ግን መጀመሪያ ከተጻፈው የከፋ ነው። የኋላው ክፍል ላይ በርዝመትም ሄዷል፣ ወደ ጠርዝም ከግማሽ በላይ ቆርጧል። ቀለበቱ ያልተከፈለ ግን የላላ ነው አሉኝ። የረጅሙ ራጅ ደግሞ የክብደት መስመሬ ወደ ውስጥ ማዘንበሉን አሳይቷል። አጥንቱን ቆርጦ እግሬን ለማቅናት የሚያደርስ አይደለም፣ ለጊዜው።

ስለዚህ «ማን ገፋው» ለሚለው፦ ቅዳዱ፣ ያ ሁሉ ቅዳሜ፣ እግሬ፣ ሆዴ። ሚስቴ የመጨረሻውን ብቻ ነው የሰማችው።

የአጥንት ሐኪሙ በዚህ ቀጠሮ ተቀምጦ አናገረኝ። ስምንት ሳምንት ፊዚዮ፣ ጭኔ እንዲጠነክርና ጉልበቴ ሙሉ እንዲዘረጋ። ከዚያ ኤሲኤሉ ይተካል፣ ሜኒስከሱ የሚሰፋው ይሰፋል፣ የማይሰፋው ብቻ በትንሹ ይቆረጣል። አሁን 89 ኪሎ ነኝ። ማታ እንጀራ ከሁለት ወደ አንድ ወርዷል፣ ቤት ውስጥ ሰላም የለም።

ከሜዳ ግን አልጠፋሁም። ትናንት ዳኛ ሆኜ ገባሁ።


ቀጥ_በሉ | እሑድ ማታ 2፡10

ዳኛም ይዞራል እኮ!


ሰባት_ቁጥር | እሑድ ማታ 2፡12

የመስመር ዳኛ ይሁን።


ቀጥ_በሉ | እሑድ ማታ 2፡14

የመስመር ዳኛ ወደ ጎን ይሮጣል፣ እሱ ይብሳል። ወንበር ይዞ ይሂድና የሜዳውን ብር ይሰብስብ።


የእማዬ_ልጅ | እሑድ ማታ 2፡40

እናቴ ዛሬ ክራንቹን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። በሰው ፊት።